የማቴውስ ወንድም

ይህን እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ስናገር ይህን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። አንባቢዬ፣ ለአንተ ልናገር። እኔ ያመነኝን ሰው አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ፣ በአንድ የአውሮፓ አገር ኤምባሲ ምግብ አሳላፊ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉንም እንግሊዝኛውንም በራሴ ጥረት ተምሬ ልቤ አብጦ ነበር። ፖርቱጋልኛ ያስተማረኝ ማቴውስ ነው። ሞዛምቢክን ከፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ለማውጣት የሚዋጉ ሰዎች፣ ድጋፍ እንዲያፈላልግ ወደ ከተማችን የላኩት ወጣት ነበር። እሑድ እሑድ ቤቴ መጥቶ ምሳ እንበላለን፤ ከዚያ እስከ ማደሪያው እሸኘዋለሁ። እንግዳን በር ላይ ማሰናበት ነውር ነዋ።

"አንተ ሰውዬ፣ እንዳልጠፋ ነው ወይስ የበላሁትን ልታስመልሰኝ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ እሑድ እየሸኘሁት ስለ ታናሽ ወንድሙ አጫወተኝ። ልጁ ተዋጊዎችን በጀልባ ወንዝ ያሻግራል። ከየትኛው መንደር በታች እንደሚያሻግርም ነገረኝ። ናፍቆት አናገረው፤ እኔንም አመነኝ።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ፣ የኤምባሲው ዲፕሎማት፣ ከሌላ አገር ዲፕሎማት ጋር ምሳ ላይ ይመክር ነበር። ሁለቱም መንግሥታት የፖርቱጋል ወዳጆች ናቸው። ለጦርነቱ ማን አውሮፕላን፣ ማን መለዋወጫ እንደሚሰጥ፣ በአደባባይ ደግሞ ስለ ሰላም ምን እንደሚሉ ይስማማሉ። አለቃዬ ከማቴውስ ጋር ስሄድ አይቶኝ ኖሮ፣ ወንበር ስቦ "ተቀመጥ" አለኝ። የማሳልፍበት ገበታ ላይ ተቀመጥኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ምን ሰጡኝ? ምንም። ስለ ወንዙ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መንደሩን ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬን ሲያደንቁ ደስ አለኝ። ይህ ነው ዋጋዬ።

ክረምቱ ሳይወጣ ማቴውስ ቤቴ መጣ። የፖርቱጋል አውሮፕላን ጀልባዋን መትቷት ወንድሙ ሞቷል። "ማን ነገራቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። አቅፌው አለቀስኩ። እንባዬ የእውነት ነበር፤ ራሴን የምጸየፈው በዚህ ነው። የዚያን ቀንም ሸኘሁት። ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ሄደ፤ ዳግም አላየሁትም።

አሁን በጆሃንስበርግ ሸምግያለሁ። ጀፕስታውን በሚባለው የገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ በጅምላ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳደግሁ። ሲዋሹ ከያዝኳቸው ምሕረት አልነበረኝም። በምን አፌ ነበር የምቆጣቸው? የመጨረሻዋ ልጄ ሰላማዊት ላገባው ነው ብላ ፓውሎን አመጣችልኝ። ሞዛምቢካዊ ነው። ወንድ አያቱ በዚያ ጦርነት ጊዜ እንደሞቱ ሲያጫውተኝ በዚያች ጀልባ ላይ የነበሩ ይሆኑ እንዴ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለሰላማዊት ሁሉንም ነገርኳት።

"አባዬ፣ ፕሊስ" አለች እያለቀሰች። "እስከ ዛሬ ዝም ብለህ የለ? ሰርጌ እስኪያልፍ ቻለው! ከተጣላን አንተ ባል ትፈልግልኛለህ?"

እምቢ አልኳት። እውነትን ወድጄ ነው ወይስ ሸክሜን ልጄ ላይ ላራግፍ? እስካሁን አልለየሁትም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ወደሚኖሩት የፓውሎ ሴት አያት ሄድኩ። በተረሳ ፖርቱጋልኛዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"የእኔ ባል የሞተው እስር ቤት ነው፤ ወንዝ ላይ አይደለም" አሉ። እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን አዩት መሰለኝ ፊታቸው ጠቆረ። "ልጆቹ ይጋቡ። እነሱ ምን አደረጉ? የሞተው ልጅ ግን ስሙ ማን ነበር?"

"ማቴውስ ነው የ..."

"እሱን አላልኩም። የሞተው።"

አላወቅሁም። ወንዙን አውቃለሁ፣ መንደሩን አውቃለሁ፤ ስሙን ግን ማቴውስን ጠይቄው አላውቅም። ወንድሙ ሞተ ብሎ ሲያለቅስ እንኳ አልጠየቅሁትም።

"ታዲያ ስለ ማን ነው ይቅርታ የሚጠይቁኝ?" አሉኝ።

 አንባቢዬ፣ አንተም ይቅር አትበለኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ድሃ ነበርኩ፣ አላዋቂ ነበርኩ አልልም። አዋቂ መባል ፈልጌ ነው ያስገደልኩት።