አባቴ እንሰት የለካበት በጋ

እናቴ በፌስታል ጠቅልላ የምትልክልኝን ቆጮ ዶርም ውስጥ በፈታሁ ቁጥር ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ የቀረባቸውን አያውቁም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ኮምጣጣ ሽታ አስከትሎት የሚመጣው ሌላ ሽታ ነው፤ ታሞ በቁሙ የበሰበሰ እንሰት ሽታ።

ቤታችን ሆሳዕና ከተማ ዳር ነበር። አባቴ የዶዮገና ከምባታ፣ እናቴ የሀቢቾ ሀዲያ በመሆናቸው የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነበር፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እየሰባበሩት። አባቴ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ እኔንና ወንድሜን እንደ ክፍል ተማሪ አሰልፎ «እጃችሁን አሳዩኝ» ይለንና ጥፍራችን ውስጥ ጭቃ ካየ መልሶ ወደ ውሃው ይሰደን ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ተማሪው እሱ ይሆን ነበር፤ ዲግሪውን ለመጨረስ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከመናኸሪያ ይሳፈርና እኛ ዝናቡን ከእናቴ ጋር ተኮራምተን እናሳልፈው ነበር።

አንድ ክረምት ዩኒቨርሲቲ የሂሳብን ታሪክና ባህል ተምሮ መጣ፤ ከዚያ በኋላ አላስቀምጥ አለን። ሰው ሜትር ሳይሠራ በፊት በክንዱና በስንዝሩ ዓለምን ይለካ እንደነበር እያወራ ወጡ ይቀዘቅዝበት ነበር። መምህሩም የቤት ሥራ ሰጥቶት ነበር፤ በበጋው አገሩ ላይ ሰዎች ያለ ሜትር እንዴት እንደሚለኩ አጥንቶ፣ ጽሑፉን በሚቀጥለው ክረምት ማቅረብ ነበረበት። ያለዚያ ዲግሪ የለም።

መስቀል አልፎ መሬቱ ሲጠነክር አባቴ እንሰት ጓሮ ገባ። በእኛ አገር የእንሰት ጓሮ የሴት ግዛት ነው፤ እንሰቱ መድረስ አለመድረሱን ሴቶቹ ግንዱን አቅፈው ነው የሚያውቁት፣ ክንዳቸው ዞሮ አልገጥም ሲል ደርሷል ይላሉ። አባቴ ይህን እቅፍ ነበር ለማጥናት የተነሣው። እናቴ የራሷን ቢላ ሰጠችው፣ እሱም መጀመሪያ ዶዮገና እህቱ ጓሮ፣ ቀጥሎ እኛ ጓሮ ገብቶ፣ ከሴቶቹ ጋር እያቀፈ፣ በገመድ እየለካ፣ የለካውን ካልለካው ለመለየት ግንዱን በቢላው ጫር እያደረገ ያልፍ ነበር። ጎረቤቶቹ በአጥር እያዩት በሳቅ ይሞቱ ነበር። እናቴም ከኋላው ገመዱን ይዛ «ቀስ ብለህ ጫር መምህር፣ እንዳያማቸው!» ትለው ነበር። እንደዚያ በጋ ሲሣሣቁ አይቻቸው አላውቅም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር የመሐል ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ታጠፉ። እናቴ በበጋው ውሃ አንሷቸው ነው ብላ ተወችው፤ ከዚያ የጎኖቹም ጠወለጉ፣ ከዚያ የዶዮገናዋ አክስቴ ጓሮዋ እንዳለቀ በስልክ እያለቀሰች ነገረችን። ከቀበሌ የመጣው የግብርና ባለሙያ አንዱን ግንድ ቆርጦ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወርድ አሳየንና «በምንድን ነው የነካካችሁት?» አለ። በሽታው በስለት ላይ ተቀምጦ ከእንሰት ወደ እንሰት እንደሚሄድ፣ ቢላ በየመሀሉ እሳት ላይ መያዝ እንዳለበት ነገረን። የአክስቴ እንሰቶች ውስጥ ውስጡን ታመው ነበር፣ አላወቅንም። ባለሙያው እየዞረ ሲያይ የጠወለገው ሁሉ የአባቴ ጭረት ያለበት ነበር።

ጎረቤት ተሰብስቦ ጓሮአችንን ነቅሎ ሲቀብረው፣ እናቴ እንደ ለቅሶ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። እንሰት በአንድ ክረምት የሚመለስ እህል አይደለም፣ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የቆጮ ጉድጓዷ ባዶ ሆኖ፣ ከድሮ ጀምሮ ለሰው የምትሰጥ ሴትዮ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ከገበያ ቆጮ ትገዛ ነበር። ያ ጊዜ ጨለማ ነበር። ማታ ስንጸልይ ምን እንደምንለምን እንኳ ይጠፋን ነበር።

ክረምቱ ደርሶ አባቴ «አልሄድም፣ ምን ፊት አለኝና» ሲል እናቴ ሻንጣውን ራሷ አውጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ትሄዳለህ! እንሰቱም አልቆ፣ ዲግሪውም ቀርቶ፣ እነዚህን ልጆች ምን ልናበላቸው ነው?»

ሄደ፤ ጽሑፉንም አቀረበ። ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣ ሲነግረን የሰው ሞት የሚያረዳ ይመስል ነበር። በዚያው መስከረም መስቀል ሲሆን ሥጋ መቁረጥ የአባወራው ሥራ ቢሆንም አባቴ ቢላውን ለአጎቴ አቀበለውና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለት ሲይዝ አላየሁም፣ ዳቦ እንኳ በእጁ ነው የሚቆርሰው።

እኔም ሂሳብ አጠናሁ፤ ምን ላድርግ፣ የእሱ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ለሁለተኛ ዲግሪ ያንኑ የሂሳብ ታሪክ ትምህርት እየተማርኩ፣ መምህራችን ፈገግ ብሎ «አገራችሁ ሂዱና ሰዉ እንዴት እንደሚለካ አጥኑ» ሲለን ከክፍል ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። የተሰጠኝን ሥራ ስነግራት «ነይ፣ እኔ አሳይሻለሁ» አለችኝ።

ሄድኩ። እንደገና የተከለቻቸው እንሰቶች ከቤቱ ጣራ በልጠዋል። ጡረታ የወጣው አባቴ ጓሮው መግቢያ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ እናቴን ተከትዬ ላልፍ ስል ቀና ብሎ አየኝ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ።

ያኔ ጭቃ ነበር የሚፈልገው። አሁን ምን እንደሚፈልግ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ባዶ መዳፎቼን ዘርግቼለት እስኪያሳልፈኝ ድረስ ፊቱ ቆምኩ።