በአንሶላ የተሸፈነ ሸክም

ከድጃ ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፤ በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው ትሰፋ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ሸሸች። ስትመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ የእጅ ስፌት መኪናዋም የለም። ከአጥር ጎረቤቶቿ ሳትሸሽ የቀረችው ወለላ ብቻ ነበረች። በቃ፣ ከድጃ በልቧ ፈረደች። ለአስራ ሁለት ዓመት አንዷ የሌላዋን ልጅ ያዘሉ ሴቶች ሆድና ጀርባ ሆኑ። መኪናውስ ይሁን፤ የእግር እሳት የሆነባት የወለላን ደጅ በየቀኑ ፊቷን አዙራ ማለፉ ነው።

እሷ ብቻ መች ሆነች! የአንዱ ቴሌቪዥን፣ የሌላው ብረት ድስት ጠፍቶ ሰፈርተኛው በጎሪጥ ይተያያል። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ደምመላሽ ሽምግልና ሞክረው አልሆነም፤ ሰው ፊት ቆሞ እኔ ነኝ የወሰድኩት የሚል ማን አለ? በኋላ አንድ ዘዴ አመጡ። እሁድ ከየቤቱ አንድ ሰው በአንሶላ የተሸፈነ ሸክም ይዞ እድሩ መጋዘን ይገባል። የሰው ዕቃ ያለው እሱን፣ የሌለው የገዛ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጅ የለም። ሁሉም ብቻ ብቻውን ገብቶ፣ ሸክሙን ገልጦ አስቀምጦ ይወጣል። ሰኞ እያንዳንዱ የራሱን ያነሳል። ማን አመጣው ብሎ የጠየቀ ከእድሩ ይሰረዛል።

ከድጃ ደሟ ፈላ፤ ተዘርፌ ደግሞ እኔው ልሸከም ብላ ወላሂ አልሄድም አለች። ኋላ ግን አንድ ትራስ ጠቅልላ ወጣች። መንገዱ በአንሶላ ጥቅል ተሞልቷል። የጋሼ ደምመላሽ ባልዲ አንሶላ ውስጥ ሆኖ ሲንኳኳ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረ ሰው አብሮ ሳቀ።

ሰኞ መኪናዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ዘይት እንኳ ተቀብታለች። አልሐምዱሊላህ አለችና ቀና ስትል ዓይኗ ሰፌዷን ከምታነሳው ወለላ ጋር ተጋጠመ። እሷ ትሆን? ሌላ ሰው ይሆን? ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እድሩን ፈርታ አይደለም፤ መጠርጠሩ ራሱ ሰልችቷታል። ያቺን መኪና ብቻዋን ስንቴ አንስታ ታውቃለች።

«ወለላ፣ ነይ እስቲ አግዥኝ።»

ወለላ ሰፌዷን አስቀምጣ መጣች። እስከ ከድጃ ደጅ ግራና ቀኝ ይዘው ሄዱ። መኪናዋን ሲያሳርፉ ወለላ ላቧን ጠረገች።

«የልጄን ዩኒፎርም ሁለት ዓመት ደሴ ፒያሳ ድረስ ወስጄ አሰፋሁ» አለች። «አንድም ቀን ልኳ ሆኖ አያውቅም።»

ከድጃ እንባዋ መጣ። ሜትሯን ከመሳቢያው እየፈለገች፣ «አሁኑኑ ጥሪያት፣ ልለካት» አለቻት።