«አንድ በአንድ» ይሉ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። ጡረታ የወጡ የታይፕ አስተማሪ ነበሩ፤ ማንኛውም ነገር ሲበላሽ «አትቸኩሉ፤ አንድ በአንድ» ማለት ልማዳቸው ነበር።

ሲዲ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ የሠርጌን ሲዲ ይዤ መካኒሳ ቤታቸው ሄድኩ። ስትመርቀኝ ድምፅዋን መስማት ፈልጌ ነበር። ኮምፒውተራቸው ግን አሮጌ ነው፤ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል።

«ይቅር ጋሼ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ቆይ የኔ ልጅ፤ አንድ በአንድ።»

ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ጠረጉት፤ ለውጥ የለም። ሌላ የተከፈተውን ሁሉ ዘጉ፤ አሁንም ይቆራረጣል።

«ኮምፒውተሩ ከሲዲው ላይ ማንበብ ከብዶታል። ወደ ራሱ እንገልብጥለት» አሉ።

ቦታ አልበቃ ሲል፣ የጡረታ ቀናቸውን የሚገፉበትን የቼዝ ጨዋታ ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፉ። ቅጂው እስኪያልቅ ከሰዓቱን ሙሉ አብረውኝ ተቀመጡ።

በመጨረሻ የእናቴ ድምፅ ሳይቆራረጥ መጣ፤ «ውለጂ፣ ክበጂ ልጄ።» አጎቴ እህታቸውን አንድ ጊዜ አይተው፣ በሩን በቀስታ ዘግተውልኝ ወጡ።

ሰሞኑን የእሳቸውን ድምፅ ፍለጋ በቤታችን ያለውን ሲዲ ሁሉ አየሁ። በአንዱም የሉም። በየድግሳችን ሽቦ ሲያያይዙ፣ ማጫወቻ ሲያስተካክሉ ኖሩ እንጂ ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም።

ጋሼ፣ እኔን እንደታገሡኝ ፈጣሪ በደግ ቦታ ያሳርፍዎት።