ፈንታነሽ የሰፋችው ከል

ደብረ ታቦር ገበያው ዳር፣ ጋሽ ጌጡና ፈንታነሽ በአንድ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ምላሱን ግን ከማንም አልተማረችም። ደንበኛ ቦርጩን ውጦ ሲለካ፣ «ተንፍስ እንጂ ወንድሜ፣ ሱሪው ላንተ ነው ለጎረቤትህ?» ትለዋለች። ቀጠሮ አሳለፍሽብኝ ብሎ የሚጮህባትን ልክ ልኩን ነግራ፣ ሱሪውን አስታቅፋ፣ «በል መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ!» ብላ ትሸኘዋለች። ሰውየው ስቆ ይሄዳል። ምን ያድርግ!

አንድ ነገር ብቻ አትሰፋም፤ ከል። የሐዘን ጥቁር ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደ ጋሽ ጌጡ ትመራዋለች። ምክንያቱን በረንዳው ሁሉ ያውቃል። ቤሩት ሳለች አሠሪዎቿ ስልኳን ቀምተዋት ለዓመታት ድምጿ ጠፋ። ሞታለች ተባለ፣ ተለቀሰላት፣ ተዝካሯ ወጣ። ኋላ በእግሯ ስትመጣ እናቷ ከል ለብሰው ገብስ ያበጥሩ ነበር። «በስመ አብ!» ብለው ሰፌዱን ጣሉ። ከዚያ ልጃቸውን ከማቀፋቸው በፊት ከሉን ከላያቸው ሊቀዱ ታገሉ። ወይ ፍንክች! የጋሽ ጌጡ ስፌት ነዋ፣ መች የዋዛ ነው? ማጭድ ተፈልጎ ተተረተረ። ይሄ ሲነሳ ጋሽ ጌጡ ዛሬም አንገታቸውን ይደፋሉ።

ባለፈው ሁዳዴ መግቢያ ከጎረቤት ከተማ ከገሳይ እማማ አማረች መጡ። ልጃቸው አለምነው ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በበረሃ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። ዘመድ አዝማድ «ቁርጥሽን እወቂ፣ ከል ልበሽ» እያለ ወጥሮ ይዟቸዋል። ጥቁሩን ጨርቅ ከጉያቸው አወጡና ፈንታነሽ ፊት አስቀመጡት።

«አንች ስፊልኝ።»

«እኔ ከል አልሰፋም እማማ። ጋሽ ጌጡ አሉልዎ።»

«እሳቸው አይሆኑኝም። አንች ተለቅሶልሽ የመጣሽ ነሽ። ያንች እጅ ቢነካው ምናልባት የኔም ይመጣ እንደሁ ብዬ ነው።»

ፈንታነሽ ጥቁሩን ጨርቅ አገላበጠችው። ብትሰፋው ልጁን በገዛ እጇ የቀበረችው መሰላት፤ እምቢ ብትል ደግሞ እናቲቱን ባዶ እጃቸውን ልትመልስ ነው። ተናደደች። በዘመዱም፣ በበረሃውም፣ በራሷም ተናደደች።

«ስፊላቸው እንጂ» አሉ ጋሽ ጌጡ ቀስ ብለው። «እኔ እንደሆንኩ ጥብቅ ስፌት እንጂ ሌላ አላውቅበትም።»

ፈንታነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሜትሩን አንስታ እማማ አማረችን ለካች፣ ጨርቁን ቆረጠች፣ የስፌት መኪናውን ወደ ጎን ገፋችው። መርፌ ይዛ በእጇ መወስወስ ጀመረች፤ ሰፋ ሰፋ፣ ላላ ላላ አድርጋ። የክሩን ጫፍም ሳትቋጥር ትከሻው ላይ ተወችው።

እማማ አማረች ልብሱን ተቀብለው ስፌቱን በጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«ውይ ልጄ፣ ይሄ እኮ አይበረክትም።»

«እንዳይበረክት ነው የሰፋሁት። አለምነው ከደጅ ሲገባ ይችን ክር ይሳቧት፤ ይተረተርልዎታል። ማጭድ አይፈልጉም።»

እማማ አማረች የክሯን ጫፍ በዳበሳ ፈለጓት። አገኟት፤ እዚያው በረንዳው ላይ ተንሰቀሰቁ። ጋሽ ጌጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፈንታነሽ እስከ ገሳይ መኪና መሳፈሪያ ድረስ ሸኘቻቸው።

«መንገዱን ጨርቅ ያርግለት፣ እማማ» አለቻቸው።

«አሜን» አሉ እማማ አማረች። «አሜን ልጄ፣ ጨርቅ ያርግለት።»