ጭሱ የወጣበት ሱቅ

ጓደኛዬና እኔ ኩባንያ ያቋቋምነው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ በተከራየናት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። የምንሠራው ሕንፃ በየት በኩል አየር እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ የሚፈትሽ መሣሪያ ነበር። ለሰው ስንናገር ግር ይለዋል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ትልቅ ማራገቢያ የተገጠመበት ወፍራም ሸራ በሩ ላይ ወጥረን እንዘጋለን። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ሲስብ በየስንጥቁ የሚገባው አየር ይታወቃል። ቀጭን ጭስ የምታወጣ፣ እስክሪብቶ የምታክል ነገር ይዘን ግድግዳውን ስንዳብስ፣ ጭሱ የተገፋበት ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሸራውን ድንኳን ሰፊዎች ይሰፉልናል፤ ፍሬሙን እዚያው ሰፈር እናስበይዳለን። ከውጭ ከሚመጣው አያንስም ነበር፤ እኮራበት ነበር።

ጓደኛዬን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ደንበኛ ያመጣል። ዲዳ የሚያናግር አንደበት ነበረው። አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ፣ «ዘንድሮ አለፈልን! ባለ ብዙ ሕንፃ ሰው አግኝቻለሁ» አለኝ። ሰውዬው ኤሲያቸው ቀን ከሌት እየሠራ ቤቱ አልቀዘቅዝ ብሏቸው ነበር። ፍተሻውን ከወደዱት ለሌሎቹም ሕንፃዎች ከእኛ ሊገዙ ነው።

ሕንፃው መርካቶ መሀል ነው። ባለቤቱ «ልጆቼ» እያሉ የሚጠሩን፣ እኛም «ጋሼ» የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፎቅ በፎቅ ስንፈትሽ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዚፕ፣ አዝራርና ክር የሚሸጡ እናት አገኘን። ሱቃቸው መስኮት የለውም። ሥራችንን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እስቲ የእኔንም እይልኝ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ራሴን ያመኛል፤ ያዞረኛል። ጥበቃዎቹ ‘ጸበል ይግቡ’ ብለውኝ ገባሁ። እዚያ ደህና እሆናለሁ፤ እዚህ ስመለስ ያው ነው።»

በራቸው ላይ ሸራውን ወጠርን። ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳና ማራገቢያችን እንደገና ዞረ። ያኔ ከመደርደሪያው ጀርባ የናፍጣ ሽታ ተግተልትሎ መጣ። መደርደሪያውን ሳብ ስናደርገው፣ ከቤዝመንት ጀምሮ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚወጣበት ቦይ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጄኔሬተሩ ደግሞ ያለው እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው። የሚተፋው ጭስ ቀጥ ብሎ እሳቸው ወንበር ዘንድ ይወጣ ነበር።

«አላበድኩም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላበዱም፣ እትዬ።»

አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። «ኑ እዩ! ዛር ነው ስትሉኝ አልነበር?»

ለጋሼ እኔው ነገርኳቸው። ቦዩን መድፈንና የጄኔሬተሩን ጭስ ማውጫ ወደ ውጭ ማዞር የጥቂት ቀን ሥራ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይደፈናል» አሉ።

በሳምንቱ ረስቼው የመጣሁትን መሣሪያ ልወስድ ስሄድ የእትዬ ሱቅ ተዘግቷል። ዕቃቸው በማዳበሪያ ታስሮ ደረጃው ላይ ተቆልሏል። እሳቸው ከማዳበሪያው አጠገብ ቆመው ወዛደር ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ።

«ምን ሆኑ?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ! ‘ባለሙያዎቹ ሱቁ ለጤናዎ አይስማማም ብለዋል፤ ስለ እርስዎ ብለን ነው’ ተባልኩ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ጋሼ ቢሮ ገባሁና ጮህኩ። እሳቸው አልተቆጡም። እንዲያውም ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ሴትዮዋ ሕንፃዬን በየደጁ አማችው። ይህን መላ ያመጣልኝ ግን ጓደኛህ ነው። ካንተ ይልቅ ንግድ የገባው እሱ ነው።»

ጓደኛዬን ቆርቆሮ ቤታችን ውስጥ አገኘሁት። አልካደም።

«እኛ የምንለካው አየር ነው» አለኝ። «ፍርድ ቤት አይደለንም። ለአንዲት ዚፕ ሻጭ ብለህ እንጀራችንን ልትዘጋ ነው?»

«ቦዩስ?»

«ጂፕሰም ይለጠፍበታል።»

ዝም ብሎ የተለጠፈ ጂፕሰም ጭስ እንደማያግድ ከእኔ እኩል ያውቃል። አብረን ነው የተማርነው። የራሴን መፍቻዎች ለቅሜ ወጣሁ። ኩባንያው ዛሬ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ነው፤ መሣሪያውን ከውጭ አስመጥቶ ይሸጣል። የእኛ ፍሬም ከነሸራው ቁርጥራጭ ብረት ተብሎ እንደተሸጠ ሰማሁ።

እትዬን ያገኘኋቸው አውቶቡስ ተራ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ዚፕ ዘርግተው ሲሸጡ ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ራስ ምታቱስ?»

«ተወኝ። አሁን የሚያመኝ ጉልበቴ ነው።» ዚፖቹን እየደረደሩ «ያቺን ሱቅ ማን ገባባት?» አሉ።

«አንዲት ወጣት። የሕፃን ልብስ ትሸጣለች።»

«ነግረሃታል?»

ነግሬያት ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «መርካቶ ሱቅ ማግኘት ስንት ያስለቅሳል መሰለህ ወንድሜ፤ ራሴን ሲያመኝ በረንዳው ላይ እወጣለሁ» አለችኝ። ይህንኑ ለእትዬ አወራኋቸው።

«እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር» አሉና፣ ዋጋ ወደሚጠይቃቸው ልብስ ሰፊ ዞሩ።