የእጅ ስፌት

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ቤት የከሰል ካውያ ሽታ ሲመጣ እናቴ ትዝ ትለኛለች።

በጃንሆይ ዘመን እህቴ አስተማሪ ሆና ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው አባቴ ኮትና ክራቫቱን እንዳደረገ፣ "ጨርቅ ሳይቀጠልበት ከዚህ ቤት አትወጪም!" አላት።

ቀሚሱን ይዘን ከእናቴ ጋር ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድን።

"አደራ ጋሼ፣ በስፌት መኪናው እንዳይሆን፤ በእጅ ይስፉልኝ" አለችው።

"በእጅማ ቶሎ ይፈታል እኮ!"

"ይሁን።"

ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰኞ እህቴ ወደምታስተምርበት ሞርሲቶ ስትሄድ ሸኘናት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየኋት፤ አጎንብሳ የቀሚሷን ክር ትመዛለች። ለእናቴ ልነግራት ዞር ስል፣ አውቃ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች።

እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ የለበሰችው እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ቀሚስ ነው።