ብሎን የሚያዳምጠው ሰው

በዚያ ሰፈር መካኒክ ሞልቷል፤ ብሎን አንጠልጥሎ የሚያዳምጥ ግን ባለጆሮው ብቻ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለትንማ ራሱም ሳይረሳው አልቀረም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራት የቴስታታ ብሎኖች ተደርድረዋል። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ አላቸው፤ አንዱ ጫፍ ሞተሩ ውስጥ ይቀበራል፣ ሌላው በዳዶ ተጠብቆ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ይይዛል። አሥሩ ከጡረተኛዋ መምህርት መኪና የወጡ ናቸው፤ መኪናዋ በዕድሜ ባለጆሮውን ትበልጠዋለች። አራቱ ደግሞ ከአንድ መሰል የተጣለ ሞተር ተለቅመዋል። ከነዚህ አሥር ጤነኛ መምረጥ አለበት። አዲስ አይገኝም። ይቀረጽ ቢባል፣ ገበያ ያለው ብረት ወይ ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፤ ወይ ድርቅ ያለ ነው፣ ያረጀውን የሞተር ጥርስ ገሽልጦ ይወጣል። አንድ የተሰነጠቀ ከገባ ደግሞ ሲጠብቅ ይበጠሳል፤ ጉቶውን ለማውጣት ሲታገሉ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሞተር ከእንግዲህ የሚሠራው የለም።

መምህሯ በሩ አጠገብ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። መኪናዋን የተዉላቸው ሟች ባላቸው ናቸው።

«አደራዎን፣ ወንድሜ» አሉ። «ሌላ ሰው እጅ እንዳትወድቅ ብዬ ነው የእርስዎን ተራ ስጠብቅ የከረምኩት።»

«ምንም አያስቡ፣ እትዬ።»

አሳቢውስ እሱ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ቀጭን ድምፅ ይሸሸው ጀምሯል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች ትነዘንዘዋለች፤ እሱ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል። ሰፈሩ ስንት ወር ሲስቅበት እንደሚከርም ቆጥሮ ጨርሶታል። ከሁሉ በፊት የሚስቀው ደግሞ የሚስቱ ወንድም እንደሆነ አልተጠራጠረም።

የሚስቱ ወንድም እዚያው ጋራዡ ጥግ ላይ በቶርኖ ብረት ይቀርጻል። ከአራት ዓመት በፊት ስለ አንድ ብሎን «ድምፁ አላማረኝም» ቢል፣ ባለጆሮው ደንበኛ ፊት «አንተ ብረትህን ቅረጽ» ብሎ አሸማቆታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ድምፅ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ባለጆሮው የመጀመሪያውን ብሎን በክር አንጠልጥሎ በትንሿ መዶሻ መታው። ጤነኛ ብሎን ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ይረዝማል፤ የተሰነጠቀ እንደ ነቃ ሸክላ ዱብ ብሎ ይቀራል። ከመዶሻው ምት በቀር ምንም አልሰማም። ሁለተኛውን መታ፤ ሦስተኛውንም። እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈን፣ ራሱን ነቅነቅ እያደረገ በግምት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይለያቸው ጀመር።

አሥራ አንደኛውን መትቶ ዓይኑን ሲገልጥ የሚስቱ ወንድም እጅ ሞረዱ ላይ ደርቋል። ሰውየው ብሎኑን አየ፣ አማቹን አየ፣ ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ። ባለጆሮው ግን ብሎኑን ከጤነኞቹ ጋር አኖረው። የቀሩትን ሦስቱንም መትቶ ለየ። አሥሩ ሞሉ።

«ጨረሱ?» አሉ መምህሯ።

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ቢበጠስም ብረቱ አርጅቶ ነው ይላል፤ እሳቸውም ያምኑታል። የሚያምኑት መሆኑ አስፈራው።

«አንተ» አለ ወደ ጥጉ ዞሮ። «ቅድም ምን ሰምተህ ነው የደነገጥከው?»

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ።»

«ንገረኝ እንጂ።»

ሞረዱን አስቀመጠ። «ዱብ ነው ያለው። ነቅቷል።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን እርስዎ ሰምተዋቸው የለ?»

ባለጆሮው ወደ መምህሯ ዞረ። «እትዬ፣ አንዱንም አልሰማሁም» አለ። «ከክረምት ጀምሮ ቀጭን ድምፅ አልሰማም።»

መምህሯ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። የሚስቱ ወንድም አልሳቀም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣና አሥራ አራቱንም መልሶ ቀላቀላቸው፤ ከዚያ አንዱን በክር አንጠልጥሎ ያዘለት። ባለጆሮው መዶሻውን አንሥቶ መታ፤ ዓይኑን ግን እንደ ድሮው አልጨፈነም፣ የሚስቱን ወንድም ፊት ተመለከተ።